ከሳጉሬ ባቄላ እስከ ኳንተም ላቦራቶሪ

አሰላ በነሐሴ መጨረሻ ካፌ ውስጥም ጃኬት አያስወልቅም። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ማኪያቶውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። ስክሪኑ ላይ አሥር መስመር የማይሞላ የፓይተን ኮድ አለ።

«ላክሁት፤ አሁን ወረፋ ላይ ነው» አለኝ።

ወረፋው የአይቢኤም ኳንተም ኮምፒውተር ወረፋ ነው። ኩባንያው 5 ኪዩቢት (የኳንተም መረጃ መያዣ አሃድ) የነበራትን ትንሽ ማሽን በኢንተርኔት በኩል ለሕዝብ የከፈተው በግንቦት 2016 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ከመቶ በላይ ኪዩቢት ያላቸውን ማሽኖች ማንኛውም አካውንት ያለው ሰው በ28 ቀን ውስጥ 10 ደቂቃ በነፃ ሊያሠራቸው ይችላል። አሥር ደቂቃ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ የማሽኑ የራሱ የሥራ ሰዓት ነው፤ ለመማር ለሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። መሃል ላይ መብራት ሄደ፣ ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። መምህሩ ሳይደናገጥ የስልኩን ዳታ ከፈተ። ሥራው የሚሠራው ባሕር ማዶ ስለሆነ የአሰላ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ለማሽኑ ግድ አይሰጠውም።

ውጤቱ ሲመጣ አራት ዘንጎች ያሉት ግራፍ ነው። ሁለት ኪዩቢቶች ሲነበቡ ሊሰጡ የሚችሉት አራት መልስ ነው፦ 00፣ 01፣ 10፣ 11። ሙከራው 4096 ጊዜ ተደጋግሟል። ግራና ቀኝ ዳር ያሉት የ00 እና የ11 ዘንጎች ረዣዥም ሲሆኑ ቁመታቸው ሊተካከል ምንም አልቀረው። መሃል ያሉት ሁለቱ አጫጭር ጉቶ ናቸው።

ኮዱ ያደረገው ይህን ነው። መጀመሪያ አንዱን ኪዩቢት 0 ወይም 1 ብሎ ወዳልቆረጠበት ሁኔታ አስገባው። ቀጥሎ ከሁለተኛው ጋር አቆራኘው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ለብቻው ብታነበው ዕጣ እንደማውጣት ነው፤ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነብ ግን ይስማማሉ። ስምምነቱ አስቀድሞ ተጽፎ የተሰጣቸው መልስ አለመሆኑን በሙከራ ያረጋገጡት ክላውዘር፣ አስፔ እና ዛይሊንገር ናቸው፤ ለዚህም በ2022 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል።

እኔ ዓይኔን የተከልሁት ረዣዥሞቹ ላይ ነበር። መምህሩ ግን ጣቱን ጉቶዎቹ ላይ አሳረፈ። «እነዚህ መኖር አልነበረባቸውም» አለ። «ስሌቱ እንደሚለው ዜሮ ናቸው። ማሽኑ ሲሳሳት ነው የሚበቅሉት። እኔ ላመለክትበት ያሰብሁት ማስተርስ ከሞላ ጎደል እነዚህን ስለ ማሳጠር ነው።»

ስለ ዘርፉ ካነበብሁት ሁሉ እንደዚህ አጭርና ትክክል የሆነ ገለጻ አላገኘሁም። የተግባራዊ ኳንተም ቴክኖሎጂ ማስተርስ ከሩቅ ሲታይ የምሥጢራዊ ፍልስፍና ትምህርት ይመስላል። ቀረብ ሲባል ግን ከረብሻ ጋር የሚደረግ ትግል ነው። የአተሞችና የብርሃን ጠባይ በጣም ስስ ነው፤ ሙቀት፣ ንዝረት፣ አጠገባቸው የሚያልፍ የሬዲዮ ሞገድ ሁሉ ያበላሸዋል። የአይቢኤም ቺፕ የተቀመጠበት ማቀዝቀዣ ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከ−273 ዲግሪ፣ የሚርቀው በዲግሪ መቶኛ ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው። ጭላሎ ተራራ ጫፍ ላይ ያለው ውርጭ በዚያ ሚዛን እሳት ነው።

በስዊዘርላንድ የዙሪኩ ኢቲኤች የኳንተም ምሕንድስና ማስተርሱን በ2019 ጀመረ፤ ሙኒክና ዴልፍትም ተከታትለው የየራሳቸውን ከፈቱ። አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪው ሊኒየር አልጀብራውንና ኳንተም ሜካኒክሱን አጥብቆ፣ የኢንፎርሜሽን ቲዎሪና የምሥጢር ጽሑፍ ጥበብ ይማራል። ከዚያ እጁ ሥራ ይገባል፦ ሌዘር ማስተካከል፣ ቫክዩም ፓምፕ መፍታትና መግጠም፣ የሂሊየም ፍንጥቅ መፈለግ፣ አቧራ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ቺፕ መሥራት፣ ማይክሮዌቭ ገመድ ማገናኘት። ሁለተኛው ዓመት በአብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ አንዳንዴም ኩባንያ ውስጥ ይሠራል። የተባበሩት መንግሥታት 2025ን የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓመት ብሎ ሲሰይም የውሳኔ ሐሳቡን ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀረበችው ጋና መሆኗን እዚህ ላይ ጣል ማድረግ እፈልጋለሁ። ነገሩ የሀብታሞች ጨዋታ ብቻ ነው ለሚል መልስ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ነገሩ ከዜሮ አይጀምርም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል የኳንተም ኦፕቲክስ ወግ አለው። ፕሮፌሰር ፍስሐ ካሳሁን የኳንተም ኦፕቲክስ መሠረቶችን የሚያስተምረውን መጽሐፋቸውን በእንግሊዝኛ ያሳተሙት በ2008 ነበር። በእሳቸው ዙሪያ የበቀሉ ተማሪዎች ለዓመታት የሠሩበት ጉዳይ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ባለ ሦስት እርከን ሌዘር፣ እና ከእሱ የሚወጣው «የተጨመቀ» ብርሃን። ከዚሁ ወግ የወጡት ሲንታየሁ ተስፋም በዚሁ ዘርፍ የጻፉት ወፍራም መጽሐፍ በ2020 በስፕሪንገር ታትሟል።

የተጨመቀ ብርሃን ምንድን ነው? ብርሃን ፍጹም ጸጥ ያለ ሊሆን አይችልም፤ ተፈጥሮ ራሷ የምትጥልበት ትንሽ መወዛወዝ አለ። ይህን ማጥፋት አይቻልም፤ ቦታውን ማዘዋወር ግን ይቻላል። ሊጥ በመዳፍ ሲጨበጥ በጣቶች መሃል እንደሚወጣ ሁሉ ረብሻውን ከአንዱ የብርሃን ጠባይ ስትጨምቀው በሌላው በኩል ያብጣል። ለመለካት የምትፈልገው የመጀመሪያውን ብቻ ከሆነ አተረፍህ። አራት ኪሎ ያሉት እነዚያ የፊዚክስ ተማሪዎች ይህ ትርፍ ምን ያህል እንደሆነ በወረቀትና በእርሳስ፣ ገጽ በገጽ ሲያሰሉ ኖረዋል።

ትርፉ ወረቀት ላይ አልቀረም። አሜሪካ ውስጥ የ4 ኪሎ ሜትር ክንፍ ያላቸው ሁለቱ የላይጎ ጣቢያዎች በ2015 የስበት ሞገድን ለመጀመሪያ ጊዜ አደመጡ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ በመደበኛ ምልከታቸው የተጨመቀ ብርሃን ይጠቀማሉ፤ በዚህም የሚሰሙበት ርቀት ጨምሯል። አዲስ አበባ ላይ በእርሳስ ይሰላ የነበረው ዓይነት ነገር ከጣቢያዎቹ አንዱ ባለበት ሉዊዚያና ውስጥ በመስታወትና በክሪስታል ተሠርቶ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። ቲዎሪው እኛም ጋ ነበር። ጠረጴዛው፣ መስታወቱና ሌዘሩ ግን አልነበሩንም። «ተግባራዊ» የሚለው ቃል የሚሞላው ይህንን ጎዶሎ ነው፤ ስለዚህም ለኢትዮጵያዊ የፊዚክስ ምሩቅ ይህ ማስተርስ ሌላ ዘርፍ መቀየር ሳይሆን የጀመረውን መጨረስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከእኛ ሰዎች ወደ መሣሪያው በጣም የቀረቡትን ስፈልግ ዶክተር ሰለሞን አሰፋን አገኛለሁ። ኤምአይቲ ተምረው አይቢኤም የገቡት ሰለሞን፣ በአንድ ቺፕ ላይ ብርሃንንና ኤሌክትሪክን አብሮ የማሠራት ምርምር ላይ በሠሩት ሥራ የኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው መጽሔት በ2011 ከዓለም 35 ወጣት ፈጣሪዎች መካከል መርጧቸዋል። በኋላ የአይቢኤምን የአፍሪካ ምርምር መርተዋል። የደቡብ አፍሪካው ዊትስ ዩኒቨርሲቲ በ2019 ከአህጉሩ የመጀመሪያው የአይቢኤም የኳንተም አጋር ሲሆን የዚያ ምርምር ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ዊትስ ዕድሉን ለአፍሪካ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ጥምረት አባላት እንዲያጋራ ታስቦ ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የዚያ ጥምረት አባል ነው።

በማግስቱ ከመምህሩ ጋር ወደ ሳጉሬ ወረድን። አባቱ በበቆጂ መንገድ ዳር ስንዴና ገብስ ያርሳሉ፤ ዘንድሮ አንዱን ማሳ ባቄላ ዘርተውበታል። ከባቄላ በኋላ የሚዘራ ስንዴ እንደሚያምር አርሲ ውስጥ ለገበሬ የሚነግር ሰው አያስፈልግም። ልጅየው አንድ ተክል ከጭቃው ቀስ አድርጎ ነቀለና ሥሩን አራገፈ። ሥሩ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህሉ እብጠቶች ተደርድረዋል። አንዱን በጥፍሩ ሰነጠቀው፤ ውስጡ ሐምራዊ ሮዝ ነው። ቀለሙ የመጣው በደማችን ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከሚዛመድ ብረት ያለበት ፕሮቲን ነው። እብጠቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ተክሉ ሊበላው ወደሚችል መልክ ይለውጡታል። ይህ የሚሆነው በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጭቃ ውስጥ ነው።

ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከመቶ እጥፍ በላይ የአየር ግፊት ያስፈልገዋል። ፍሪትዝ ሃበር መንገዱን በ1909 ካሳየ ወዲህ ዘዴው በመሠረቱ አልተለወጠም፤ ከዓለም የኃይል ፍጆታም 1 ወይም 2 በመቶ ያህሉን ይበላል። ኢትዮጵያ ማዳበሪያዋን በጅቡቲ በኩል ታስገባለች። በነሐሴ 2025 ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የተፈረመው የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም ነው፤ እሱም በካሉብና በሂላላ ጋዝ የሚሠራ የዚያው የሃበር ዘዴ ልጅ ነው።

ባክቴሪያው ያለ እሳት እንዴት ይችለዋል? ሥራውን የሚሠራው ኤንዛይም እምብርት ላይ ሰባት የብረት፣ ዘጠኝ የድኝ፣ አንድ የሞሊብዲነምና አንድ የካርቦን አተሞች የተሰባሰቡበት ትንሽ ስብስብ አለ። የነዚህ አተሞች ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ የተቆራኙ ስለሆኑ የአንዱን ሁኔታ ከሌሎቹ ነጥሎ መጻፍ አይቻልም፤ ኤሌክትሮን በተጨመረ ቁጥር ስሌቱ በእጥፍ ድርብ ያድጋል። ራሱ በኳንተም ሕግ የሚሠራ ኮምፒውተር ግን ይህን በተፈጥሮው ይይዘዋል ነው ሐሳቡ። ከዙሪክና ከማይክሮሶፍት የተውጣጡ ተመራማሪዎች በ2017 ይህንኑ ኤንዛይም ለኳንተም ኮምፒውተር የሚመጥን ጥያቄ አድርገው አቅርበውታል።

እዚህ ላይ ልጓም መያዝ ያስፈልጋል። በ2021 የወጣ ስሌት ይህን ለመሥራት 4 ሚሊዮን ገደማ ኪዩቢት እንደሚያስፈልግ ገምቷል። አይቢኤም በ2023 መጨረሻ ያሳየው ትልቁ ቺፕ 1,121 ነበረው። በዚያ ላይ ተራ ኮምፒውተሮችም ቆመው አልጠበቁም፤ ለእንዲህ ዓይነት ኬሚስትሪ የኳንተም ብልጫ ገና አልተረጋገጠም የሚሉ ከባድ ሳይንቲስቶች አሉ። «ኳንተም ኮምፒውተር የማዳበሪያን ችግር ይፈታል» የሚል ማስታወቂያ ያየ ተማሪ ወደ ሳጉሬ መጥቶ የመምህሩን አባት ቢያነጋግር ይጠቅመዋል።

«ታዲያ ይህ ትምህርትህ ዩሪያ ያረክሳል?» አሉት ልጃቸውን።

«አሁን አይደለም አባባ። ምናልባት ከሃያ ዓመት በኋላ።»

«ኤዬ» አሉ፤ ሥሩን ተቀብለው እያገላበጡ። «ከሃያ ዓመትማ ባቄላ መዝራት ይሻላል።»

ልጅየው ሳቀ። መልሱን ግን በቁም ነገር ይዞት እንደነበር የገባኝ ስንመለስ ነው። ያዘጋጀውን የማመልከቻ ደብዳቤ ሲያሳየኝ ኳንተም ኮምፒውተር የሚለው ሐረግ ከመጀመሪያው አንቀጽ ወጥቷል። በምትኩ የገባው የስበት መለኪያ ነው።

ይህን ለመረዳት ፊትን ከጭላሎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ማዞር ነው። ከአሰላ በስተሰሜን፣ አርሲ ዞን ውስጥ፣ ቱሉ ሞዬ የከርሰ ምድር እንፋሎት ፕሮጀክት አለ፤ ቁፋሮው በ2020 ተጀምሯል። ከዝዋይ ሐይቅ በስተደቡብ ያለው አሉቶ ደግሞ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ አለው፤ የእሳተ ገሞራው መሬት ከፍና ዝቅ ማለቱም በሳተላይት ራዳር ተለክቷል። በ2025 መግቢያ በፈንታሌ አካባቢ የነበረው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ማወዛወዙን የረሳ የለም። ራዳር የመሬቱን ቆዳ ያያል። ከሥሩ የገባው ቅልጥ አለት ይሁን ውኃ ወይም ጋዝ መለየት የሚችለው ክብደቱን የሚለካ ነው።

የኳንተም ስበት መለኪያ እንዲህ ይሠራል። ሩቢዲየም የሚባል ንጥረ ነገር አተሞች ቫክዩም ውስጥ በሌዘር ይያዛሉ። ሌዘር ያሞቃል ብለን ለምደናል፤ እዚህ ግን የአተሞቹ ፍሬን ነው፤ ከፍጹም ዜሮ በላይ የዲግሪ ሚሊዮንኛ እስኪሆኑ ያቀዘቅዛቸዋል። ከዚያ ይለቀቃሉ፣ ይወድቃሉ። እየወደቁ ሳለ ሌዘሩ ሦስት ጊዜ ይመታቸዋል። የመጀመሪያው ምት እያንዳንዱን አተም በአንድ ጊዜ በሁለት መንገድ ያስኬደዋል፤ ሁለተኛው መንገዶቹን መልሶ ያቀራርባል፤ ሦስተኛው ያገናኛቸዋል። ሲገናኙ የሚታየው ልዩነት የመሬትን ስበት እስከ ቢሊዮንኛ ክፍሉ ያሳውቃል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በ2020 ከኤትና ተራራ አናት አጠገብ ተተክሎ፣ የእሳተ ገሞራው ንዝረት እያናወጠው ለወራት ያለማቋረጥ ለክቷል። በ2022 ደግሞ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ቡድን በተመሳሳይ ዘዴ ከመሬት በታች ያለን ዋሻ አገኘ።

ይህ የሃያ ዓመት ተስፋ አይደለም፤ ዛሬ ተገዝቶ የሚተከል መሣሪያ ነው። ለዚህ ነው ከአሰላ ወደዚህ ትምህርት የሚሄድ ሰው ኮምፒውተሩን ለሌሎች ትቶ መለኪያውን ቢይዝ ይሻለዋል የምለው። ኪዩቢት ቆጠራው የኩባንያዎች ሩጫ ነው። እኛ ሩጫ የምናውቀው በቆጂ ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን የሚሮጠው ርቀት ተመርጦ ነው።

መምረጡ ቀላሉ ነው። ማመልከቱ ግን ሌላ ታሪክ። ኮስት ሼሪንግ ያልከፈለ ተመራቂ እጁ ላይ ያለው ቴምፖራሪ ነው፤ ዋናው ዲግሪ ዕዳው ካላለቀ አይወጣም። የውጭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በታሸገ ኤንቨሎፕ ወይም ከሬጅስትራር በቀጥታ በኢሜይል ይፈልጋል። መምህሩ የተማረበት ተቋም ኢሜይሉን ለመላክ ሦስት ጊዜ አመላልሶታል። «ሰውየው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን መልስ ከእኔ የተሻለ በድምፅ ያስመስለዋል። ድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉለት የነበሩት ሁለት አስተማሪዎቹም ከሀገር ወጥተዋል፤ በዚህ በኩል እንኳ ጥሩ ሆነለት፤ ኢሜይል ቶሎ ይመልሳሉ።

ገንዘቡም አለ። ለጀርመን ቪዛ በዝግ ሂሳብ የሚቀመጠው በ2025 ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ነበር። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ የማስተርስ ተማሪዎች በሴሚስተር 4,000 ወይም 6,000 ዩሮ ማስከፈል ጀምሯል። ስለዚህ ለአንድ መምህር የሚቀረው ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ የስዊድን መንግሥት ስኮላርሺፕም ለኢትዮጵያውያን ክፍት ሆኖ ቆይቷል። ስዊድን ለአሰላ ባዕድ አይደለችም፤ በ1967 የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሽማግሌዎች ዛሬም ካዱ የሚሉት፣ በስዊድን እርዳታ እዚሁ ከተማ ተቋቁሞ የቁሉምሳን የስንዴ ምርምር ያስጀመረ ነው። ዛሬ የስዊድን ኳንተም ኮምፒውተር የሚሠራው ጎተንበርግ፣ ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው።

ከመምህሩ በታች ያለው ወለል ግን ያሳስበኛል። በ2022 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም 3.2። ፊዚክስ መርጦ የሚገባው ደግሞ ከነዚህ ጥቂቶች ጥቂቱ ነው። አንድ ጎበዝ መምህር ከአሰላ ሲሄድ የሚጎድለውን ማን ይሞላዋል? መምህሩን ስጠይቀው አልተቆጣም። «ብመለስ የት እሠራለሁ?» ሲል መልሶ ጠየቀኝ። «የሚጠብቀኝ የፊዚክስ መምህርነት ነው። እሱ አሁንም አለኝ።»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር አለ፤ ውድም አይደለም። ኪዩቢት የሚያቀዘቅዘው ማሽን በመቶ ሺዎች ዶላር ይጠይቃል፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። ሩቢዲየም የታሸገባት ጣት የምታህል የብርጭቆ ብልቃጥ፣ አንድ ዳዮድ ሌዘር፣ ጥቂት መስታወቶችና አንድ ብርሃን ተቀባይ ግን ከማቀዝቀዣው ጋር ሲነጻጸሩ ኢምንት ናቸው። በነሱ ተማሪው የሌዘሩን ቀለም ከአተሙ ጋር አስማምቶ መቆለፍን ይማራል፤ የስበት መለኪያውም ሆነ የአተም ሰዓት የመጀመሪያ እርምጃ ይህ ነው። ከአሰላ 75 ኪሎ ሜትር ርቆ አዳማ ላይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አሰላ ራሷ በ2014 ከእሱ ተገንጥሎ የቆመው አርሲ ዩኒቨርሲቲ አላት። አንዱ ጠረጴዛውን ቢዘረጋ፣ ከአራት ኪሎ የሚወጣው የቲዎሪ ተማሪ የሚነካው ነገር ያገኛል፤ የሚመለሰውም የሚቀጠርበት።

መምህሩ ሦስት ቦታ ለማመልከት ወስኗል፤ ሁለቱ የመለኪያ ዘርፍ ናቸው። የሁሉም ማመልከቻ በጥር ይዘጋል። ደብዳቤው አልቋል፣ የእንግሊዝኛ ማረጋገጫውም ወጥቷል። ኦፊሻሉ ገና ነው፤ ሰኞ እንደገና ይሄዳል።